ከሰሜን ሸዋ ወጥቶ በሰው አገር መኖር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ያደግሁት ደብረ ብርሃን ነው። ስዊድን ብዙ ዓመት ኖሬያለሁ፤ እህቴም ኩዌት ሠርታለች። ለዚህ ይመስለኛል ከመንዝም፣ ከመርሐቤቴም፣ ከምንጃርም፣ ከሸዋ ሮቢትም ሰው የሚጠይቀኝ። አንዳንዱ ሊሄድ ሻንጣውን ያዘጋጀ ነው። አንዳንዱ እዚያው ሆኖ የጨነቀው ነው። ከሁሉ የሚበዙት ግን ልጅ ሸኝተው እቤት የቀሩ እናቶችና አባቶች ናቸው።

ስለ በረሃውና ስለ ባሕሩ ብዙ ተብሏል፤ ገና ብዙ መባልም አለበት። እዚህ የጻፍኩት ግን ከደረሱ በኋላ ስላለው የየቀኑ ኑሮ ነው። ትንንሽ ነገር ስለሚመስል ማንም ደውሎ ለቤተሰቡ አይናገረውም። ቤተሰብም ስለማያውቀው አይጠይቅም። ሰውን ውስጥ ውስጡን የሚያደክመው ግን እሱ ነው፤ ስለዚህ ሁለቱም ወገን እንዲያነበው ብዬ ነው።

እኛ የብርድ አገር ሰዎች ነን። የአውሮፓ ክረምት ለምን ይከብደናል?

ብርዱ አይደለም የሚከብደው። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። የኅዳርን ውርጭ እያየ ያደገ ሰው በረዶ አያስደነግጠውም። የእነሱ ቤት ደግሞ ከእኛ ቤት ይልቅ ይሞቃል።

የሚከብደው ጨለማው ነው። እኛ ዘንድ ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ ንጋት 12 ሰዓት አካባቢ ትወጣለች፣ ማታ 12 ሰዓት አካባቢ ትገባለች። ስቶክሆልም ግን በታኅሣሥ ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 9 ሰዓት ሳይሞላ ነው። በጨለማ ወጥተህ በጨለማ ትገባለህ። ሰውነት ይዝላል፣ እንቅልፍ ይበዛል፣ ምክንያቱ የማይታወቅ ሐዘን ይመጣል። እናትህ ደውላ "ምን ሆነሃል?" ስትል መልስ ታጣለህ።

ይህ ስንፍና አይደለም። ፀሐይ ሲጠፋ ሰውነት ቫይታሚን ዲ መሥራት ያቅተዋል። ጥቁር ቆዳ ደግሞ ከነጩ ይልቅ ብዙ ፀሐይ ይፈልጋል። ሐኪም ጠይቅ፤ በደም ምርመራ ይታወቃል፣ እንክብሉም ውድ አይደለም። በምሳ ሰዓት ለጥቂት ደቂቃም ቢሆን ከቤት ውጣ። ለቤተሰብህም "እዚህ ቀን የለም፣ እሱ ነው የሚጫጫነኝ" ብለህ ንገራቸው። ይገባቸዋል።

በየቢሮው ስሜ ለምን ይበላሻል?

የእኛ ስም የራስ፣ የአባትና የአያት ነው። እነሱ የሚፈልጉት አንድ ቤተሰብ ሁሉ የሚጋራውን ስም ነው። ፓስፖርታችን ላይ በዚያ ቦታ ብዙ ጊዜ የሚገባው የአያት ስም ነው። ስለዚህ አንተ በአያትህ ስም ትጠራለህ፣ ልጅህ በአባትህ ስም፣ ሚስትህ ደግሞ በራሷ አያት። ሦስታችሁ ኤርፖርት ስትቆሙ ሦስት የማይተዋወቁ ሰዎች ትመስላላችሁ። አባት የገዛ ልጁን ይዞ ሲጓዝ "ልጁ ያንተ ነው?" ተብሎ ይጠየቃል። ያማል። መድኃኒቱ ግን ቀላል ነው፦ የልጁን የልደት ምስክር ወረቀትና የጋብቻችሁን ወረቀት አስተርጉማችሁ ሁልጊዜ ይዛችሁ ተጓዙ።

ሁለት ቃል የሆነ ስም የባሰ ነው። "ኃይለ ማርያም" ይቆረጥና "ኃይለ" ብቻ ይቀራል። "ወልደ ጊዮርጊስ" አንዱ ወረቀት ላይ ተጣብቆ፣ ሌላው ላይ ተለያይቶ ይጻፋል። ኮምፒውተሩ ለሁለት ሰው ይቆጥርሃል። ከመውጣትህ በፊት ስምህ በላቲን ፊደል እንዴት እንደሚጻፍ ወስን። ከዚያ ፓስፖርት፣ የትምህርት ማስረጃ፣ የልደት ወረቀት፣ ሁሉም ላይ አንድ ዓይነት ይሁን። አንዲት ፊደል ብትለይ እንኳ አገርህ ሆነህ አስተካክል። ከሄድክ በኋላ ለማስተካከል ወራት ይፈጃል።

የልደት ቀኔን ስሞላ ምን ልጠንቀቅ?

የዘመን አቆጣጠሩን። መስከረም 5 ቀን 1990 የተወለደች ልጅ በፈረንጅ ሴፕቴምበር 15 ቀን 1997 ነው የተወለደችው። ወረቀቷ ላይ 1990 ብሎ ካለፈ በአንድ ጊዜ 7 ዓመት ታረጃለች። ከጃንዋሪ 1 ጀምሮ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ለተወለደ ልዩነቱ 8 ዓመት ይሆናል። ይህ የትምህርት ቤት ክፍልን፣ የጡረታን፣ የቤተሰብ ማገናኛ ማመልከቻን ሁሉ ያበላሻል።

ሰዓቱም እንደዚሁ ነው። "9 ሰዓት ና" ሲሉህ ጠዋት 3 ሰዓት ማለታቸው ነው። ቀጠሮ የሚጠፋው በዚህ ነው። ቀጠሮ የሚያክል ነገር ደግሞ እዚያ የለም፤ አንዴ ከጠፋ ሌላ ለማግኘት ሳምንታት ትጠብቃለህ።

የሥራ ባልደረባዬ ጋብዞኝ ተርቤ ተመለስኩ። ንቆኝ ይሆን?

አልናቀህም ወንድሜ። እኛ ቤት እንግዳ መጀመሪያ "ጠግቤአለሁ" ይላል። የቤቱ እመቤት "በሞቴ!" ትላለች። "ኧረ በቃኝ" ይላል። "አፈር ስሆን፣ አንዲት ብቻ" ትላለች፤ ጉርሻው ይከተላል። ሳይለመን የበላ እንግዳ ስግብግብ ይባላል፤ ሳትለምን ማዕድ ያነሳችም ንፉግ ትባላለች። ይህን ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን፤ ማንም አላስተማረንም።

እነሱ የሚጠይቁህ አንድ ጊዜ ነው። "አይ፣ አመሰግናለሁ" ካልክ ሳህኑ ይነሳል። ይህ ለእነሱ ክብር ነው፤ ቃልህን አምነውሃል። ስለዚህ ከራበህ በመጀመሪያው ጥያቄ "እሺ፣ ደስ ይለኛል" በል። ከባድ ነው፣ አውቃለሁ። ይሉኝታ እንዲህ በቀላሉ አይለቅም።

በተቃራኒውም አስብ። እነሱ አንተ ቤት ሲመጡ ሦስቴ አራቴ አትለምናቸው። አንዳንዱ እንደተገደደ ይሰማዋል፤ በተለይ ሥጋ የማይበላ ወይም ሆዱ የሚያስቸግረው ሰው ይጨነቃል።

ስዊድን ውስጥ ደግሞ የቆየ ልማድ አለ። ልጅህ ጓደኛው ቤት ሲጫወት ቆይቶ እራት ሲደርስ፣ ቤተሰቡ ሲበላ እሱን ክፍል ውስጥ ቆይ ሊሉት ይችላሉ። "እቤቱ ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል፣ አናበላሽበት" ብለው ነው። ዛሬ ብዙዎቹ ትተውታል፤ ግን ልጅህ መጥቶ ቢነግርህ በንዴት ደብዳቤ አትጻፍ። እኔ በበኩሌ ይህን ልማድ መቼም ልወደው አልቻልኩም። የሰው ልጅ ቤቴ ተርቦ ተቀምጦ እኔ አልበላም።

ሥራ ቃለ መጠይቅ ላይ "በራስ መተማመን የለህም" ተባልኩ። ምን አጠፋሁ?

ምንም አላጠፋህም። ያደግህበት ሥርዓት ነው። በትልቅ ሰው ፊት ዓይንህን ሰበር ታደርጋለህ፣ ድምፅህን ዝቅ ታደርጋለህ፣ ስለ ራስህ ብዙ አትናገርም። መንዝ ላይ ይህ የጨዋ ልጅ ምልክት ነው። እዚያ ግን ዓይኑን የሚሰብር ሰው የሚደብቀው ነገር ያለ ይመስላቸዋል። ስለ ሥራው የማይናገር ሰው ሥራ የማያውቅ ይመስላቸዋል። ጠያቂውን ዓይን ዓይኑን እያየህ "ይህን እችላለሁ፣ ይህንንም ሠርቻለሁ" ማለት እዚያ እንደ ጉራ አይቆጠርም።

አንድ ሌላ ነገር አለ። እኛ "አዎ" ለማለት አየር ወደ ውስጥ እንስባለን። ለማያውቅ ሰው የደነገጥን ወይም ያመመን ይመስላል። "ምነው? ደህና ነህ?" ብለው ይነሳሉ። ስልክ ላይ ደግሞ ጭራሽ አይሰማም፤ አንተ ተስማምተሃል፣ እነሱ ገና መልስ እየጠበቁ ነው። በቃል "አዎ" ማለት ልመድ። የሚገርመው፣ በሰሜን ስዊድን ያሉ ሰዎችም ልክ እንደ እኛ አየር እየሳቡ "አዎ" ይላሉ። መጀመሪያ ስሰማው ደብረ ብርሃን ያለሁ ነው የመሰለኝ።

አለቃን በስሙ መጥራትም ያስቸግራል። አባትህን የሚያህል ሰው "ጋሼ" ሳትል መጥራት ከአፍ አይወጣም። በዝግታ ይለመዳል። ከጓደኛህ ጋር እጅ ለእጅ ተያይዞ መሄድን ግን ሌላ ትርጉም ይሰጡታል፤ እሱን ቀድመህ እወቅ።

ጎረቤቶቼ ሰላም አይሉም። ጠልተውኝ ነው?

አብዛኛውን ጊዜ አይደለም። እርስ በርሳቸውም ሰላም አይባባሉም። አንዳንዴ ግን በእርግጥ የሚጠላ ሰው ይገጥማል፤ ያንን ሰው ለመለወጥ ዕድሜህን አትጨርስ። ሰላም የምትባባለው ሰው ከፈለግህ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ፣ የሕጻናት መጫወቻ ወይም የቋንቋ ትምህርት ቤት ሂድ። ደረጃ ላይ የምታገኛት አሮጊት ጎረቤትህን ደግሞ ዘንቢሏን ያዝላት። ከዚያ በኋላ ሰላም የማትልህ እንደሆን እንተያያለን።

ቡና ስቆላ የጭስ ጠቋሚው እየጮኸ አስቸገረኝ

ኮሪደር ላይ ወይም ጣሪያ ላይ ያለች ክብ ነገር ናት። ቡና ስትቆዪ፣ ዕጣን ስታጨሺ፣ በርበሬ ስታቁላዪ ትጮኻለች። አንዳንድ ሕንፃ ላይ በቀጥታ ከእሳት አደጋ ጋር የተገናኘች ናት፤ ሳያስፈልግ መኪናቸው ከመጣ ወጪውን ሊያስከፍሉሽ ይችላሉ። በፕላስቲክ እየሸፈንሽ አትርሺው፤ በብዙ አገር በሕግ ያስቀጣል፣ እውነተኛ እሳት ቢነሳም ቤተሰብሽ እንደተኛ ይቀራል። መስኮት ክፈቺ፣ የምድጃውን አየር መሳቢያ አብሪ፣ በረንዳ ካለሽ እዚያ ቁዪ። ዕጣኑን አሳንሺ። ከጎረቤት ቅሬታ ከመጣ አንድ ቀን አስገብተሽ ቡና አጠጫቸው። ሽታው ከምን እንደሚመጣ ያወቀ ሰው ቅሬታው ይቀንሳል።

እንጀራዬ ዓይን አላወጣ አለ። ምን ላድርግ?

በምንጃር ጤፍ ያደገች ልጅ ይህን ስትጠይቀኝ አንጀቴ ይላወሳል፤ ምክንያቱም ጥያቄው የእንጀራ ብቻ አይደለም። እህቴ ኩዌት ሆና ያለቀሰችበትን ቀን ብጠይቃት የነገረችኝ የተበላሸ እንጀራ ያወጣችበትን ቀን ነው።

አሁን ወደ ሥራው። ጤፍ በአሜሪካ አይዳሆ ግዛትና በሆላንድም ይመረታል፤ በሐበሻ ሱቅ ይገኛል። ዋናው ችግር ቅዝቃዜውና ውሃው ነው። ሊጡ ቀዝቃዛ ኩሽና ውስጥ ቶሎ አይቦካም። ምድጃው ውስጥ እሳት ሳታነጂ መብራቷን ብቻ አብርተሽ እዚያ አሳድሪው። የቧንቧው ውሃ ክሎሪን ከበዛበት እርሾውን ያዳክመዋል፤ አፍልተሽ አቀዝቅዘሽ አቡኪበት። እርሾሽን አትጣዪ፤ ከእያንዳንዱ ቡኮ ትንሽ አስቀሪ። አብሲቱን አትዝለዪ። ብዙ ሰው "ሰልፍ ራይዚንግ" የሚሉትን፣ ማስነሻ የተቀላቀለበትን የስንዴ ዱቄት ይቀላቅላል፤ ለዓይን ያግዛል፣ ጣዕሙ ግን የጤፍ አይሆንም። ትንሽ የገብስ ዱቄት መቀላቀል እመርጣለሁ።

ጂዳ ሰው ቤት እሠራለሁ። ረቡዕና ዓርብ እንዴት ልጹም?

እህቴ፣ ከምታስቢው ይቀላል። ፉል፣ ምስር፣ ሑሙስ፣ ሩዝ፣ ቴምር፣ ሁሉም የጾም ነው፤ ሁሉም እዚያ ቤት አለ። ማዳምሽ ሙስሊም ስለሆነች ጾም ምን እንደሆነ ታውቃለች። ረጅም ማብራሪያ አያስፈልግም። "ረቡዕና ዓርብ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል አልበላም" በቂ ነው። ዓርብ ዘመድ የሚሰበሰብበት ቀን ስለሆነ ኩሽናው በሥጋ የሚሞላው ያን ቀን ነው፤ ቀድመሽ የራስሽን አብስለሽ አስቀምጪ። አውሮፓ ያለሽ ከሆነ "ቪጋን" የሚል ጽሑፍ ያለበትን ምግብ ፈልጊ፤ ዓሣም እንቁላልም ወተትም የለበትም።

ከኤፋትና ከአልዩ አምባ ለሄዱ ሙስሊም እህት ወንድሞችም አንድ ነገር፦ በሰሜን አውሮፓ ረመዳን በበጋ ከዋለ ቀኑ እጅግ ይረዝማል። አገሩ ያለው መስጊድ በየትኛው ሰዓት እንደሚያፈጥር አስቀድማችሁ ጠይቁ። አሳማ ለሁላችንም የጋራ ጭንቀት ነው፤ ሾርባ ውስጥ፣ ከረሜላ ውስጥ ሳይቀር ይገባል። የጀርባውን ጽሑፍ ማንበብ ልመዱ።

ያው እዚያ ቤት ዕረፍት የለኝም፣ ፓስፖርቴንም ይዘውብኛል። ይህም "ለምጂው" የሚባል ነው?

አይደለም። ይህን ከላይ ካሉት ጋር አታደባልቂው። የምግብ ጣዕም ይለመዳል፤ ፓስፖርት መነጠቅ አይለመድም። በሳዑዲም፣ በኩዌትም፣ በኤምሬትስም አሠሪ የሠራተኛን ፓስፖርት እንዲይዝ ሕጉ አይፈቅድም። የኩዌት የ2015 የቤት ሠራተኞች ሕግ የቀን ሥራ ከ12 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት እንዲኖር ያዛል። ችግሩ የከፋላ ሥርዓቱ ነው። የመኖሪያ ፈቃድሽ ከአሠሪሽ ጋር ስለታሰረ "ጠፋች" ብለው ካስመዘገቡሽ ተከሳሽ ትሆኛለሽ። ስለዚህ ከቤቱ ከመውጣትሽ በፊት መክተቡ (ያስቀጠረሽ ኤጀንሲ)፣ ኤምባሲው ወይም ቆንስላው ይወቅ።

የፓስፖርትሽን፣ የኢቃማሽን (የመኖሪያ ፈቃድሽን) እና የኮንትራትሽን ፎቶ ሳትሄጂ ለቤተሰብ ላኪ። የቤቱን ቦታ በካርታ ላኪላቸው። የአሠሪሽን ሙሉ ስምና ስልክ እንዲጽፉ አድርጊ። ደብረ ሲና ወይም አጣዬ ያለ ወንድም "እህቴ ሪያድ ናት" ከማለት በላይ የሚያውቀው ነገር ከሌለ ማንንም መጠየቅ አይችልም።

ልጄ ስደውል አያነሳም። ተለወጠብኝ?

እናቴ፣ ይህን ጥያቄ ከሁሉ በላይ የምሰማው ከእርስዎ ዓይነት እናቶች ነው። መጀመሪያ ሰዓቱን እንይ። ሳዑዲ፣ ኩዌትና ኳታር ከእኛ ጋር እኩል ናቸው። ደቡብ አፍሪካ በ1 ሰዓት ከእኛ ወደ ኋላ ነው። ጀርመንና ስዊድን በክረምታቸው 2 ሰዓት፣ በበጋቸው 1 ሰዓት ወደ ኋላ ናቸው። ዋሽንግተን በክረምት 8፣ በበጋ 7 ሰዓት ወደ ኋላ ናት። እነሱ በዓመት ሁለት ጊዜ ሰዓታቸውን ይለውጣሉ፣ እኛ አንለውጥም። እርስዎ ከኪዳን ተመልሰው ሲደውሉ አሜሪካ እኩለ ሌሊት ነው።

ሁለተኛው ስልኩ ነው። ብዙ ሥራ ቦታ ስልክ ይቆለፋል። ኤምሬትስ ላይ የዋትሳፕ ጥሪ ብዙ ጊዜ አይሠራም፤ ለዚህ ነው ልጆቹ በሌላ መተግበሪያ እንደዋወል የሚሉት። የእኛም በኩል አለ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ክልላችን ውስጥ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ እዚያ ያለው ልጅ የእናቱን ድምፅ ሳይሰማ፣ ስለ ሸዋ ሮቢትና ስለ አጣዬ የሚባለውን ከፌስቡክ ብቻ እያነበበ ይተኛ ነበር። የሚያነበው እውነት ይሁን ሐሰት የሚያጣራበት መንገድ አልነበረውም። ከዚያ ጊዜ ወዲህ ስልክ ሲጠራ የሚደነግጡ ብዙ ልጆች አውቃለሁ። ዝም ያለ ልጅ ሁሉ የረሳ አይደለም።

ሦስተኛውን በግልጽ ልበልዎት። ስልኩ ሲነሳ የመጀመሪያው ወሬ ስለ ብር ከሆነ ልጁ ማንሳት ይፈራል። አንድ ቀን ይደውሉና ምንም ሳይጠይቁ "ዛሬ ምን በላህ? ከማን ጋር ዋልክ? አለቃህ ደግ ነው?" ይበሉት። የሚነግርዎትን ይሰሙታል።

ዶላር እያገኘ ለምን "የለኝም" ይላል?

የሚያገኘው በዶላር ነው፤ የሚያወጣውም በዶላር ነው። የቤት ኪራይ፣ መጓጓዣ፣ መድን፣ ስልክ፣ ግብር ከተቀነሰ የሚተርፈው ከምንገምተው እጅግ ያንሳል። መላኩ ራሱ ያስከፍላል። የዓለም ባንክ በሚያደርገው ክትትል 200 ዶላር ለመላክ በአማካይ ከ6 በመቶ በላይ ይቆረጣል፤ ማለትም ከ12 ዶላር በላይ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው አሠራር ከተለወጠ ወዲህ እዚህ በብር ሲቆጠር ብዙ ይመስላል፤ እዚያ ያለው ልጅ ደመወዝ ግን አልጨመረም።

ለምትልከው ልጅ ደግሞ፦ በወር የምትችለውን ቁረጥና ለአንድ ሰው ንገር፤ ለእናትህ ወይም ለታላቅ ወንድምህ። ለሁሉም በየተራ "እሺ" ካልክ ሁሉም ይቀየምሃል። አንድ ጊዜ ደፍሮ "ከዚህ በላይ አልችልም" ማለት ዓመቱን ሙሉ ከመዋሸት ይሻላል።

አባታችን አረፉ። ወንድማችን ውጭ ነው። እንዴት እንንገረው?

እዚህ ላይ ረዘም አደርጋለሁ።

አገራችን መርዶ እንዴት እንደሚነገር ሁላችንም እናውቃለን። ንጋት ላይ ነው። ዘመድ፣ ጎረቤት፣ የነፍስ አባት ተሰብስበው ይሄዳሉ። ሰውየው በሩን ሲከፍት ያንን ሁሉ ሰው ሲያይ ገና ሳይነገረው ይገባዋል። ሲወድቅ የሚይዘው እጅ አለ። የሚያለቅስለት ሰው አለ።

ውጭ ያለው ልጅ ግን ብዙ ጊዜ የሚሰማው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ፌስቡክ ነው። የአክስት ልጅ የሟቹን ፎቶ አድርጎ "ነፍስ ይማር" ይላል፤ ልጅየው አውቶቡስ ውስጥ ሆኖ ያያል። ሁለተኛው ጭራሽ አለመስማት ነው። "ይጨነቃል፣ ቢሰማስ ምን ያደርጋል?" ይባልና ወራት ይደበቃል። "አባባን አገናኙኝ" ሲል "ገበያ ሄደዋል፣ ተኝተዋል" ይባላል። በኋላ ሲያውቅ ሐዘኑ ሁለት ይሆንበታል። አባቱን አጣ፤ በዚያ ላይ የቤተሰቡን ቃል ማመን አጣ።

ስለዚህ እንዲህ ይሁን። ለቤተሰቡ ሁሉ "ሳይነገረው ማንም ፎቶ እንዳያወጣ" ይባል። እሱ ያለበት ከተማ ያለ ወዳጅ፣ የአገር ልጅ ወይም የደብሩ ካህን ይፈለግ። እነሱ ጠዋት፣ ሥራ በሌለበት ቀን ሰብሰብ ብለው ቤቱ ይሂዱ። ከዚያ እናት ወይም ታላቅ ወንድም ይደውል። ቀብራችን በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ስለሆነ አይደርስም፤ ለአርባው ግን መምጣት ይችል እንደሆነ ይመርጣል። ምርጫው የእሱ ይሁን።

ለእሱም ልንገረው። አለቃህ "ማን ነው የሞተው?" ይልሃል። ለአባትና ለእናት ጥቂት ቀን ፈቃድ ይገኛል። ያሳደገችህ አክስት ከሆነች ግን በእነሱ ወረቀት ቅርብ ዘመድ አትባልም። "እንደ እናቴ ናት" በል፤ የሚረዳ አለቃ አለ፣ የማይረዳም አለ። ለቅሶህን ግን ተቀመጥ። ቅዳሜና እሑድም ቢሆን በርህን ክፈት፤ ሰው ይምጣ፣ ንፍሮ ይቀቀል፣ ቡና ይፈላ። ጎረቤቶችህን "ሐዘን አለብኝ፣ ሰው ይመጣል" ብለህ ወረቀት በራቸው ላይ ለጥፍ፤ ዋይታ ሲሰሙ ፖሊስ እንዳይጠሩ። የምትኖርበት ከተማ እድር ካለ ዛሬውኑ ግባ።

ሰው ቤት የምትሠራ እህት ይህ ሁሉ የላትም። ዕቃ እያጠበች ነው የምታለቅሰው። ለእሷ መርዶ የሚነግር ሰው ቢያንስ ማታ፣ ሥራ ጨርሳ ክፍሏ ስትገባ ይንገራት፤ ስልኩንም ቶሎ አይዝጋባት። ሌሊቱን ሙሉ አብሯት ይቆይ።

የፖስታ ደብዳቤ እየበዛብኝ ነው። ሁሉንም ማንበብ አለብኝ?

አዎ። አገራችን ጉዳይ የሚያልቀው በአካል ቀርቦ ነው፤ እዚያ ግን በደብዳቤ ነው። ያልተከፈተ ፖስታ ቅጣት ይሆናል፣ ቅጣቱ ዕዳ ይሆናል። የማይገባህን በስልክህ አስተርጉመው ወይም ለሚያውቅ ሰው አሳየው።

ሐኪሙ ፓራሲታሞል ብቻ ሰጥቶ ሸኘኝ። ቁም ነገር አላደረገኝም?

እኛ ክሊኒክ ከፍሎ የገባ ሰው መርፌ ወይም የመድኃኒት ከረጢት ይዞ መውጣት ይጠብቃል። እዚያ ጉንፋን ከሆነ "ውሃ ጠጣ፣ ዕረፍ" ይሉሃል። አንቲባዮቲክ በከንቱ አይሰጡም፤ ልክም ናቸው። ግን ሕመምህን አሳንሰህ አትናገር። እኛ ወደ ሐኪም የምንሄደው ሲብስብን ነው፤ ሲጠይቁን ደግሞ "ደህና ነኝ፣ ትንሽ ነው" እንላለን። እነሱ ያልከውን ያምናሉ። ከመቼ ጀምሮ እንዳመመህ፣ ሌሊት እንዳላስተኛህ፣ ሥራ እንዳስቀረህ ዘርዝረህ ተናገር።

በአሜሪካና በስዊድን ሆስፒታል ብዙ ጊዜ አስተርጓሚ በነፃ ይመደብልሃል፤ ቀጠሮ ስትይዝ "አማርኛ አስተርጓሚ" በል። የዘጠኝ ዓመት ልጅህን የእናቷን ሕመም እንድታስተረጉም አታድርግ። ጸበል የምትጠጣ ከሆነም፣ የአገር መድኃኒት የምትወስድ ከሆነም ለሐኪሙ ንገረው። ሸንኮራ ዮሐንስ ወይም ጻድቃኔ ማርያም መሄድ የሚፈልግ በሽተኛ የታዘዘለትን መድኃኒት ይዞ ይሂድ። ድንገተኛ ሕመም ሲሆን በአውሮፓ ኅብረት አገሮች 112፣ በአሜሪካ 911፣ በብሪታንያ 999 ይደወላል።

ልጄ በአማርኛ አይመልስልኝም

አንተ በአማርኛ መናገርህን አታቋርጥ። በእንግሊዝኛ ቢመልስም እየሰማ ነው። ከአያቱ ጋር በየሳምንቱ በስልክ ይነጋገር፤ አያቱ ሌላ ቋንቋ ስለማትችል እሷን ለማዋራት ሲል ይሞክራል። ሲሳሳት አትሳቁበት። ዘመድ የሳቀበት ልጅ ዳግመኛ አፉን አይከፍትም፤ ይህን ብዙ ቤት አይቻለሁ።

ከቤት ምን ይዤ ልሂድ? ምን ልተው?

ያዝ፦ በርበሬ፣ ሽሮ፣ በሶ፣ የደብረ ሲና ቆሎ፣ ጋቢ። የበርበሬውን ከረጢት ደጋግመህ አሽገው፤ ሻንጣ ውስጥ ከፈሰሰ ልብስህን ሁሉ ትጥላለህ። ቅቤና ቋንጣ ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች አይገቡም፤ የሥጋና የወተት ውጤት ስለሆኑ ኤርፖርት ላይ ይወረሳሉ። እናትህ በእጇ አንጥራ የሰጠችህ ቅቤ ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ሲጣል ከማየት እቤት ብትተወው ይሻላል። አውስትራሊያ የምትሄድ ከሆነ የያዝከውን ምግብ ሁሉ፣ ቆሎም ቢሆን፣ ፎርሙ ላይ አስመዝግብ። የደብረ ብርሃን አረቄ ሳዑዲና ኩዌት ጭራሽ አይሞከርም።

ጫት በብሪታንያም፣ በሆላንድም፣ በአሜሪካም፣ በአብዛኞቹ የዓረብ አገሮችም ወንጀል ነው። ኤርፖርት ላይ "ይህችን ለወንድሜ አድርስልኝ" ብሎ የታሸገ ነገር የሚሰጥህ ሰው ካለ፣ የአገርህ ልጅም ቢሆን፣ ከፍተህ እይ። ሲከፈት ቅር ካለው አትቀበለው።